በእትዬ አስካለ ስም የገባን ሁሉ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ታምራት ጠረጴዛዬን አሳየኝ፣ ኮምፒውተሩን ከፈተልኝና "የራስሽ አካውንት እስኪሠራልሽ በእትዬ አስካለ ግቢ" አለኝ። ፓስወርዱንም እዚያው ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጮክ ብሎ ነገረኝ። የልጃቸው ስም ነው፤ ከኋላው አንድ ሁለት ሦስት።

ሳቅሁ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። የተቀጠርኩት እኮ የዚያን ቤት የመግቢያ አገልግሎት ላስተዳድር ነው። ይህች ሰው ማን ናት፣ ምን ማየት ትችላለች፣ ምን መንካት ትችላለች የሚለውን የሚወስነውን ማለት ነው። ቁልፍ ያዥ ሆኜ ስመጣ ገና በመጀመሪያው ቀን የሌላ ሰው ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

"አቶ ታምራት፣ ይሄ የሳቸው ነው" አልኩት።

"ታዲያ ምን አለበት? ሁላችንም በሳቸው ነው የምንገባው። እሳቸው ሰው አይጠሉም።"

ስሜ ትዕግሥት ነው። የሚያውቁኝ ሰዎች ስም አውጪዬ ያለ ቦታው እንደጣለው ይናገራሉ። የዚያን ቀን ግን ገና ወንበሬም ስላልሞቀ ዝም አልኩ።

መሥሪያ ቤቱ አየር ጤና ላይ ያለ የግል ላቦራቶሪ ነው። ከሥር የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፣ ከጓሮ ጋራዥ አለ፤ መዶሻው ሲጀምር በስልክ መነጋገር የማይታሰብ ነው። በዙሪያው ያሉ ክሊኒኮች ናሙና ይልካሉ፣ ላቦራቶሪው ይመረምራል፣ ውጤቱ ድረ ገጽ ላይ ይለቀቃል፣ ክሊኒኩ ገብቶ አትሞ ለታካሚው ይሰጣል። እኔ ከአስኮ በታክሲ እየተመላለስኩ የማስተዳድረው ይህንን ድረ ገጽና መግቢያውን ነበር።

ሙያውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ፊት ላይ ዌብ ሰርቨር አለ፤ ከውጭ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ከሱ ኋላ የመግቢያ አገልግሎቱ ተቀምጧል። ስምና ፓስወርድ ይቀበልና "አዎ፣ እሷ ናት፣ ይህን ማድረግ ትችላለች" ወይም "አትችልም" ይላል። ሁለቱም ክላውድ ላይ ናቸው፤ ማለትም ባሕር ማዶ በተከራየናቸው ማሽኖች ላይ። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ የሚገባበት ሥርዓት ስለሆነ አንዲት መስመር ለመቀየር እንኳ ሰው ሁለቴ ያስባል።

በመጀመሪያው ሳምንት ማን መቼ እንደገባ የሚጻፍበትን ሎግ ስከፍት ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ኮልፌ ያለው ክሊኒክ፣ ከከተማ ወጣ ያለው ክሊኒክ፣ እዚሁ ወንበሬ ላይ የተቀመጥኩት እኔ፣ ሁላችንም የገባነው ከአንድ አድራሻ ነው ይላል። አድራሻው የማን ነው? የራሳችን የፊት ሰርቨር! ዘበኛው እንግዳውን በር ላይ ተቀብሎ፣ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ "እኔ ነኝ የመጣሁት" እንደማለት ነው። ሥርዓቱን የተከለው ኮንትራክተር የእንግዳውን አድራሻ ወደ ኋላ የሚያስተላልፉትን ጥቂት መስመሮች አልጻፈም። ይባስ ብሎ ዲስኩ እንዳይሞላ በሚል የፊት ሰርቨሩን የራሱን ሎግ ዘግቶታል። ስለዚህ በማን ስም እንደተገባ እናውቃለን፤ ከየት እንደተገባ ግን የሚያውቅ የለም።

ወደ ባለቤቱና ሥራ አስኪያጁ ወደ ዶክተር ይልማ ሄድኩ። ፊት ለፊት ሁልጊዜ እርስዎ ብዬዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን አልለውም፣ ምክንያቱን ታዩታላችሁ።

"ለማስተካከል ስንት ሰዓት ይቆማል?" አለኝ።

"ሰዓት አይፈጅም ዶክተር፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላደርገው እችላለሁ።"

"አሁን ይሠራል አይደል?"

"ይሠራል፣ ግን..."

"የሚሠራ ነገር አይነካም፣ ቲጂ። አንዴ ከቆመባቸው ክሊኒኮቹ ሌላ ቤት ይሄዳሉ።"

ደጋግሜ ጠየቅሁት። በቃል ጠየቅሁ፣ ጽፌ ጠየቅሁ። አንድ ቀን "ከበዓል በኋላ" አለኝ። በዚህ አገር በዓል አልቆ ያውቃል? ለጥምቀት የተባልኩት ለፋሲካ ተሻገረ፣ የፋሲካው ለመስከረም።

አሁን ስለ እትዬ አስካለ ልናገር። የላቦራቶሪው ሲኒየር ቴክኖሎጂስት ናቸው። ውጤትን አይተው "ትክክል ነው፣ ይለቀቅ" ብለው የሚያጸድቁት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የሙያ ፈቃዱ ያለው በሳቸው ስም ነው። ነጭ ጋውናቸውን ራሳቸው ተኩሰው ይመጣሉ። የማይክሮስኮፑን መስታወት እሳቸው ካልሆኑ ማንም አይጠርገውም። ንግግራቸው ጥቂት ነው፣ ግን ተረበኛ ናቸው። እኔ ስናደድ ሲያዩ "ይቺ ልጅ ዛሬም ግፊቷ ወጣ፣ መጥታችሁ ለኩልኝ" ይላሉ።

ለሠራተኛው ሁሉ የየራሱን አካውንት ሠራሁለት። ተቀባይዋ የተቀባይ፣ መዝጋቢው የመዝጋቢ፣ ዶክተር ይልማ ሪፖርት የሚያይበት። የማጽደቂያውን ሥልጣን ለእትዬ አስካለ ብቻ ተውኩት፤ ደንቡ ነዋ። ያኔ ነው ጉዱን ያየሁት። ሰው የራሱን ትቶ ተመልሶ በሳቸው ይገባል። ለምን? እሳቸው ምሳ ሲወጡ ውጤት እንዳይቆይ። እሳቸው ሻይ ሲጠጡ ደንበኛ እንዳይጠብቅ። "ሥራ አይቁም" የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ከላይ የመጣ ነው፤ ዶክተር ይልማ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ በራሱ አፍ "አስካለ ከሌለች በሷ ገብታችሁ ጨርሱ" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ፓስወርዳቸውን ቀየርኩት። ለሳቸው ብቻ በጆሯቸው ነገርኳቸው። በማግስቱ ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል!

"እትዬ አስካለ፣ ምን አደረጉ?" አልኳቸው።

"ምን ላድርግ ልጄ? መጥተው ሲጠይቁኝ ዓይናቸውን እያየሁ እምቢ ልበል? አላመነችንም ይሉኛል። አብሬያቸው የምበላ ሰዎች ናቸው።"

ይሄ ይሉኝታ የሚሉት ነገር! እኔን ጨርሶኛል። ምግብህን አካፍል፣ ወንበርህን አካፍል፣ ደስ ይላል። ፓስወርድ ግን ምግብ አይደለም። ይህንን ብናገር "አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ" እባላለሁ። አቶ ታምራትማ "ቲጂ ሰው አታምንም" ብሎ ስም አወጣልኝ።

ሌላ መላ መታሁ። ፓስወርዱ ቢታወቅም እንኳ ወደ ስልካቸው የሚመጣ ኮድ ካልገባ አይከፈትም አልኩ። ሠራሁት፣ ሞከርኩት፣ ሠራ፤ ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት ስገባ የእትዬ አስካለ ስልክ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ቻርጀር ተሰክቶበት ተቀምጧል። የቸኮለ ሁሉ ብቅ ይልና ኮዱን አንብቦ ይመለሳል። ኧረ በሕግ! ራሳቸውም ስልካቸውን ፍለጋ እየመጡ "ማን ደውሎልኛል?" ይላሉ። ሳምንት ሳይሞላው ዶክተር ይልማ ጠርቶኝ "አጥፊልኝ ይሄን፤ ኮድ ስንጠብቅ ታካሚ ይሞታል" አለኝ። አጠፋሁት፤ የባለቤት ትእዛዝ ነው።

እንዲህ እያለን አንድ ቀን የእትዬ አስካለ ጎረቤት ሞቱ። ከዶክተር ይልማ አስፈቅደው ረፋዱ ላይ ወደ ቀብር ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት እጃቸው ላይ የነበረው ናሙና የአንዲት ልታገባ የደረሰች ልጅ ነበር። ጴንጤ ናት፤ ቤተ ክርስቲያኗ ከሠርግ በፊት ሙሽሮቹ እንዲመረመሩ ይጠይቃል። የጉበት ቫይረስ ምርመራዋ የመጀመሪያ ንባብ "አለባት" የሚል ሆነ። እንዲህ ሲሆን ደንቡ ግልጽ ነው፤ በሌላ ዘዴ ሳይደገም አይጸድቅም። እትዬ አስካለ ንባቡን መዝግበው፣ ሳያጸድቁ፣ "ስመለስ እደግመዋለሁ" ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ።

ሲመለሱ ውጤቱ ጸድቋል። ተለቅቋል። ክሊኒኩ አትሞ ለልጅቷ ሰጥቷታል። እትዬ አስካለ ጋውናቸውን እንኳ ሳይለብሱ ናሙናውን ደገሙት። ልጅቷ ምንም የለባትም።

በማግስቱ አባትየው መጡ። ኮታቸውን ቆልፈው፣ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው። ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ አልጮሁም፤ ይሄኛው ባሰብኝ።

"ልጄ ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመሰችም" አሉ። "የአማቾቻችን ሰዎች ነገሩ እስኪጣራ ብለው ሠርጉን አቁመውታል። ማን ነው ይሄን ያጸደቀው?"

ወረቀቱ ላይ ስም አለ። አስካለ ይላል።

እትዬ አስካለ ወጡ። "ወንድሜ፣ የልጅዎ ደም ንጹሕ ነው። ደግሜ በዓይኔ አይቼዋለሁ" አሏቸው።

"ታዲያ ለምን ፈረሙበት?"

እትዬ አስካለ ዞር ብለው አዩን። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ፓስወርዳቸውን የምናውቅ ሰዎች ነን። ሁሉም ጫማውን ያያል። እኔ "እሳቸው ቀብር ነበሩ፣ እሳቸው አላጸደቁም" ማለት ስጀምር ዶክተር ይልማ ከኋላዬ መጣና "ጉዳዩ ይጣራል፣ አጥፊው ይጠየቃል" ብሎ አቋረጠኝ። አባትየውን በትህትና እስከ ደረጃው ሸኛቸው። ሽኝት ሲያምርበት!

አጥፊው ተብለው የተጠሩት እትዬ አስካለ ናቸው። አቶ ታምራት ወረቀት ሰጣቸው፤ ከሥራ ስንብት ሊወሰንባቸው ነው፣ ለሙያ ፈቃድ ሰጪውም ይጻፋል። ይሄ ማለት ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩበት ሙያ ሄደ ማለት ነው። ከዚህ ላቦራቶሪ ቢወጡ ሌላ ላቦራቶሪ አይቀጥራቸውም። ኮልፌ ሰፈራቸው ውስጥ ደግሞ የሰው ሠርግ ያፈረሰች ሴት ተብለው ነው የሚኖሩት።

ስብሰባው በዶክተር ይልማ ቢሮ ተደረገ። ዶክተር ይልማ፣ አቶ ታምራት፣ እትዬ አስካለ፣ እኔ። እኔ የተጠራሁት ሎጉን እንዳነብ ብቻ ነው።

"ሲስተሙ ምን ይላል?" አለ አቶ ታምራት።

"በእትዬ አስካለ ስም ገብቶ በእትዬ አስካለ ስም ጸደቀ ይላል" አልኩ።

"በቃ። ሲስተም አይዋሽም።"

"እኔ እኮ ቀብር ነበርኩ" አሉ እትዬ አስካለ። "እናንተው ናችሁ የፈቀዳችሁልኝ።"

"ስልክዎ አብሮዎት ነበር አይደል? ከቀብርም ሆነው በስልክ መግባት ይችላሉ።"

ደሜ ፈላ። ሰው አፈር ሲለብስ እያዩ እትዬ አስካለ ስልካቸውን አውጥተው የጉበት ምርመራ ያጸድቃሉ! "አቶ ታምራት፣ ሲስተሙ ከየት እንደተገባ ቢያውቅ ኖሮ ይሄን ጥያቄ አንጠይቅም ነበር" አልኩት። "እንዲያውቅ ላድርገው ብዬ ስለምን ስንት ጊዜ ሆነኝ? አሁን የገዛ ሎጋችን ሁላችንንም ከአንድ ቦታ የመጣን አድርጎ ይጽፋል። አላምንም ካላችሁ ላሳያችሁ።"

"አሳዪ" አለ ዶክተር ይልማ። የሰለቸው ይመስላል።

ያሰብኩት ቀላል ነው። በሱ ስልክ፣ በራሱ ኢንተርኔት፣ በእትዬ አስካለ ስም እገባለሁ፤ ከዚያ ሎጉ እትዬ አስካለ ገቡ፣ ያውም ከዚያው ከአንዱ አድራሻ ገቡ ብሎ እንደሚጽፍ አሳያቸዋለሁ። "ዶክተር፣ ስልክዎን ከፍተው ገጹን ይክፈቱልኝ" አልኩት። ከፈተና አቀበለኝ።

ስም ልጽፍ ጣቴን ሳስጠጋ ስልኩ ቀደመኝ። ስሙን ራሱ ሞላው። አስካለ። ፓስወርዱንም ራሱ ሞላው፣ በነጠብጣብ። የዶክተር ይልማ ስልክ የእትዬ አስካለን መግቢያ አስቀምጦታል፤ ስልክ ደግሞ ባለቤቱ አስቀምጥ ሳይለው አያስቀምጥም።

ይሄን አላሰብኩትም ነበር፣ እውነቴን ነው። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጥኩትና ወደነሱ አዞርኩት። ገባሁ። በኔ ኮምፒውተር ላይ ሎጉ ወዲያው ጻፈ። አስካለ፣ ያው አድራሻ። እትዬ አስካለ ባዶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከፊታችን ተቀምጠዋል።

"ይኸው፣ እትዬ አስካለ አሁን ገቡ" አልኩ።

መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ አስካለ ናቸው፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

"ዶክተር፣ ያ ክሊኒክ የልጅቷን ውጤት ቶሎ ልቀቁ ብሎ ለርስዎ ነው የደወለው?"

ዶክተር ይልማ መነጽሩን አወለቀ። "ስንቱ ክሊኒክ ይደውልልኛል" አለ። "ሥራ እንዳይቆም ብዬ አንዳንዴ አጸድቃለሁ። የትኛውን እንዳጸደቅሁ በምን አስታውሳለሁ?"

አያስታውስም! የሰው ልጅ ሠርግ ቆሟል፣ አንዲት ሴት ዕድሜ ልኳን የሠራችበት ሊቀማ ነው፣ እሱ አያስታውስም! እኔ ልጮህ ስነሣ እትዬ አስካለ ክንዴን ያዙኝ። ስብሰባው "እንነጋገርበታለን" ተብሎ ተበተነ።

ይሄ ሁሉ አልፎ ያገኘነው ውሳኔ ግን ከሁሉም የባሰ ነው። አቶ ታምራት ፊቱ በርቶ፣ የምሥራች እንደያዘ ሰው መጣ። "እትዬ አስካለ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ዶክተር ይቅር ብሎዎታል። በማስጠንቀቂያ ታልፏል።"

እትዬ አስካለ ደብዳቤውን አነበቡት። ቀስ ብለው፣ እንደ ውጤት ወረቀት፣ ከላይ እስከ ታች።

"ይቅር የሚባለው ያጠፋ ነው" አሉ። "እኔ ምን አጠፋሁ?"

"እትዬ፣ አሁን እሱን አያንሡት። ሰላም ይሻላል። ይፈርሙና ይለፍ።"

የሥራ ባልደረቦቻችንም መጡ። በሳቸው ስም ሲገቡ የኖሩ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀሩ። አንዷ "በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ፈርሚ" ትላለች፣ ሌላው ጉልበት ሊስም ያጎነብሳል። ምን አሳሰባቸው? ሰላሙ ነው ያሳሰባቸው። የቤቱ ሰላም እንዳይደፈርስ አንዲት ሰው ያላጠፋችውን አጥፍቻለሁ ብላ ትፈርም! እኔ "ልብ የላችሁም እንዴ?" ብዬ ጮህኩ። ጩኸቴን ለምደውታል፣ ማንም አልሰማኝም።

እትዬ አስካለን ግን ሰሟቸው። እስክሪብቶውን ለአቶ ታምራት መለሱለት።

"ስሜን ስትጠይቁኝ ለሁላችሁም ሰጥቻችኋለሁ" አሉ። "አንዱን እምቢ ብዬ አላውቅም። አሁን መልሱልኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ትዕግሥት፣ አካውንቴን ዝጊው። እኔው ነኝ የጠየቅሁሽ።"

ዘጋሁት። በሙያዬ እንደዚያች ደስ ያለችኝ ትእዛዝ የለችም።

ያን ጊዜ ቤቱ ምን ላይ እንደቆመ ታየ። ማጽደቅ የሚችል ሌላ ሰው የለም። ምርመራው ይሠራል፣ ውጤቱ ይመዘገባል፣ እዚያው ይቀራል። እትዬ አስካለ ከሥራ አልቀሩም፤ እንደ ሁልጊዜው ጋውናቸውን ለብሰው ይገባሉ። ታካሚ እንዳይጎዳ እያንዳንዱን ውጤት አይተው በእጃቸው ወረቀት ላይ እየፈረሙ ይሰጣሉ። ክሊኒኮቹ ወረቀቱን ለመውሰድ ሰው እየላኩ ያጉረመርማሉ። ስልኩ አያርፍም። የእጅ ፊርማቸውን ግን ማንም እንደ ፓስወርዱ ስልኩ ላይ ሊያስቀምጠው አይችልም።

ዶክተር ይልማ ጠራኝ። "ክፈቺው" አለኝ።

"የአካውንቱ ባለቤት ክፈቺ ካላሉኝ አልከፍትም።"

"ባለቤቱ እኔ ነኝ!"

"የድርጅቱ ነዎት፣ ዶክተር። የሳቸው ስም ባለቤት ግን እሳቸው ናቸው።"

"ሥራ ቆሟል እኮ፣ ልጅት!"

"አዎ። ሥራው የሳቸው ነበር ማለት ነው።"

ያባርረኛል ብዬ ቦርሳዬን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። አላባረረኝም፤ ሥርዓቱን የሚያውቅለት ሌላ ሰው እጁ ላይ አልነበረም። ግን እልሁ ብዙም አልቆየም፤ ውጤቱ ተቆልሎ ክሊኒኮቹ ሲያማርሩበት ተሸነፈ። በጠዋቱ ስብሰባ፣ "በሷ ገብታችሁ ጨርሱ" ባለበት በዚያው ወንበር ፊት ቆሞ፣ ውጤቱ ሲጸድቅ እትዬ አስካለ እንዳልነበሩ፣ በሳቸው መግቢያ እሱ ሲያጸድቅ እንደነበረ፣ ማስጠንቀቂያውም እንደተሰረዘ ተናገረ። "እኔ ነኝ ያን ውጤት ያጸደቅሁት" የምትለዋን ሊዘላት ሲል እትዬ አስካለ "ዶክተር፣ ያችን አልሰማናትም" አሉ። አላት። ድምፁ ትንሽ ነበር፣ ግን ሁላችንም ሰማን።

ከዚያም ሁለቱ አብረው ወደ ልጅቷ ቤት ሄዱ። እኔ አልነበርኩም፤ እትዬ አስካለ እንደነገሩኝ አባትየው ወንበር ሰጥተዋቸው፣ ሁሉንም ሰምተው፣ "ወረቀቱ ተስተካክሏል፣ የሰው አፍ ግን በምን ይስተካከላል?" አሉ። ሠርጉ ዘግይቶ ተደረገ። የሙሽራው እናት አልመጡም ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ እስካሁን ያናድደኛል፤ ማንም ይቅርታ ቢጠይቅ የማይመለስ ነገር ስለሆነ።

የፊት ሰርቨሩን በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት አስተካከልኩት። የእንግዳው አድራሻ ወደ ኋላ እንዲተላለፍ፣ የመግቢያ አገልግሎቱም ከፊት ሰርቨሩ ብቻ እንዲቀበለው አደረግሁ፣ ተዘግቶ የኖረውን ሎግ ከፈትኩ፣ አገልግሎቱን አጥፍቼ አስነሣሁ። ጥቂት ደቂቃ ቆመ። አንድም ክሊኒክ አልደወለም። ለዚህች ነው እንግዲህ ስንት በዓል ያስጠበቁኝ!

እትዬ አስካለ አዲስ ፓስወርድ ያወጡ ቀን እኔን እንኳ ዞር በይ ብለው አስወጡኝ። ማጽደቅ የምትችል ሁለተኛ ቴክኖሎጂስትም ተቀጠረች። አዲሷ ሠራተኛ ሥራ በጀመረች ቀን አቶ ታምራት ከልማዱ "የራስሽ እስኪሠራ በእትዬ..." ብሎ ጀመረና እትዬ አስካለን አይቶ አፉን ያዘ። እሳቸው ወደ ልጅቷ ዞረው "ምሳሽን ካላመጣሽ ከኔ ጋር ትበያለሽ" አሏት። "መግቢያ ግን ትዕግሥት እስክትሠራልሽ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ።"

ያንን ቤት ለቅቄ ሌላ ቦታ ከገባሁ ቆይቻለሁ። እዚያም በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው የሌላ ሰው ፓስወርድ ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ። ጤነኛ አይደለችም ብለውኛል፤ ይበሉ።

ለሙያው አዲስ የሆናችሁ ልጆች፣ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ይህንን ነው። ሎግ የሚጽፈው ስም ነው፤ ሰውየውን አያየውም። ስለዚህ ከፊት ያለው ሰርቨር እንግዳው ከየት እንደመጣ እንዲናገር ሥራ በጀመራችሁበት ሳምንት አድርጉ፣ ፓስወርዳችሁንም ለማንም አትስጡ። የወሰዱት ሁሉ ነገር ሲበላሽ ጫማቸውን ነው የሚያዩት።